ላልቶ ነው ጠብቆ?

የአገራችንን ስም አልነግራችሁም። ተከልክዬ አይደለም፤ ብነግራችሁ ከስሙ ውስጥ ሌላ ስም መፈለግ ትጀምራላችሁ ብዬ ነው። እኔ ከዚያ በሽታ ጋር ስኖር አርጅቻለሁና ይበቃኛል። ከተማችን ገደል አፋፍ ላይ ናት፣ ከሥሯ ወንዝ ያልፋል፣ ከማዶ ጋር የሚያገናኛት አንድ የገመድ ድልድይ ነበር። አሁን የለም። ለምን እንደሌለ ነው የምጽፈው፣ እባካችሁ እንደተጻፈ አንብቡልኝ።

ስሜ ምንይችል ነው። ሥራዬ አሽሙረኛ ነበር። በሌላ አገር አሽሙረኛ ማለት በየሰርጉና በየለቅሶው ሰው የሚወጋ ምላሰኛ ይሆናል፣ በእኛ ከተማ ግን በሹመት የሚያዝ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ቢበላሽ፣ ወፍጮው ቢሰበር፣ ሹም ቢያጠፋ፣ ሕዝቡ አቤት የሚለው ለአሽሙረኛው ነው። እኔ ደግሞ አቤቱታውን አሽሙር አድርጌ በድልድዩ አፍ ላይ ከቆመው ሰሌዳ እጽፈዋለሁ። እሑድ ጧት ሰው ይሰበሰባል። የሣቅ ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፣ ካነበበም በኋላ መጀመሪያ እሱ ይስቃል፤ ከእሱ ቀድሞ መሳቅ ነውር ነው። ከዚያ ሕዝቡ ይስቃል። ሣቁ ሲበርድ ሹሙ እጁን አንሥቶ «ተስቆበታል» ይላል። ተስቆበታል ማለት ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ጉዳይ መልሶ የሚያነሣ ሰው ቀልድ አይገባውም ተብሎ ይታዘንለታል።

ለምሳሌ የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ጨው ማለት ሲጀምር «ወጥ ከማጣፈጥ ድካም ያሳረፈን ጉድጓድ ዕድሜው ይርዘም» ብዬ ጻፍሁ። ተሳቀበት። ውሃው ዛሬም ጨው ጨው ይላል። ዳኛችን በችሎት ላይ ማንኮራፋት ሲያበዙ ደግሞ «ዳኛችን ለማንም አያዳሉም፤ የሚያዳሉት ለትራሳቸው ብቻ ነው» አልሁ። ዳኛው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ጽሑፉን በሳንቃ ላይ አስቀርጸው ከወንበራቸው በላይ አሰቀሉት። እስካሁን ከሥሩ ይተኛሉ። እኔም በመንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ «አቤት ብዕር» እያለ ይሸኘኝ ነበር፣ ደስ አይለኝም ነበር ብል እዋሻለሁ።

የጻፍሁት ሁሉ በሰም ገፋፊዎች እጅ ያልፋል። እነዚህ ከቃል ላይ ሰሙን ገፍፈው ወርቁን የሚያወጡ ሊቃውንት ናቸው። ችሎታቸው አያጠያይቅም፣ ወርቅ ከሌለበትም ያወጣሉ። አንዲት ጎረቤታችን በሯ ላይ «ውሻ አለ» ብላ ብትለጥፍ፣ ሲከራከሩ ሰንብተው ውሻው ማን እንደሆነ ደረሱበትና ሰውየው ከሹመቱ ተነሣ። ውሻው ግን በርግጥም ነበረ። ከሰም ገፋፊዎቹ አንዱን ባቱ ላይ ነክሶታል፣ የተነከሰው ሊቅም ንክሻው ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያጠናል።

የማዶ ሰዎች ይህ ጥበብ የላቸውም። ዝናብ መጣ ካሉ ዝናብ መጥቷል። የእኛ ሰዎች «ሰም የለሾች» እያሉ ያዝኑላቸዋል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ጠጂቱ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን፣ በሪሁን የሚባለውን፣ አግብታ ማዶ ገባች። በሠርጓ ቀን ባለቤቴ ደብሪቱ ሙሽራውን ለብቻው ጠርታ ልጄን ትወዳታለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው «አዎ» አላት። ደብሪቱ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። አዎ ሲል ምን ማለቱ ነው እያለች እኔንም መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ።

እንግዲህ ጠጂቱ ፀነሰች። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ፣ ቀኗ ሲቃረብ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ላከች። ከማዶ የሚመጣ ደግሞ በድልድዩ እንጂ በሌላ መንገድ አይመጣም፤ ዙሪያው በክረምት ወንዝ ተዘግቶ ነበር። ገና ሳምንት ሲቀረው መሻገሪያውን ልየው ብዬ ወረድሁ። በእኛ በኩል ካለው ምሰሶ ጋር የታሠረው ዋናው ገመድ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተንጨፍርሯል። በአንድ እጄ ጨብጬ የማወዛውዘው ሆነ። ሊበጠስ ጥቂት እንደቀረው እኔም ማየት እችላለሁ፣ ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ቀጥ ብዬ ወደ መሻገሪያ ሹም ሄድሁ። ሹሙ ከድልድዩ አጠገብ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ውሎ የሚገባ ሰው ነው። ገመዱን አይተኸዋል ወይ አልሁት።

«አይቼዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ገና አልተሳቀበትም እኮ ጋሽ ምንይችል። ያልተሳቀበት ጉዳይ እኔ ዘንድ አይደርስም።»

«ከተሳቀበትስ?»

«ከተሳቀበትማ አለቀ።»

ይህን ያለኝ ቀልዶ አይደለም። ቤቴ ገብቼ ብዕሬን አነሣሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቀልዱ ሄደ፤ ድልድዩን ከሹሙ መቀነት ጋር የማመሳስልበት አንድ ጥሩ ነገር መጥቶልኝም ነበር። ግን ልጄ ያንን ሆዷን ይዛ በዚያ ገመድ ላይ ስትራመድ ታየችኝ። ቀልዱን ተውሁት። በዕድሜዬ ጽፌ በማላውቀው አጻጻፍ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«የድልድዩ ገመድ ላልቷል። አትሻገሩ።»

እሑድ ጧት ሕዝቡ ተሰበሰበ። የሣቅ ሹሙ አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ዘወር ብሎ አየኝ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሹሙን ሣቅ ይጠብቃል። ሹሙ ሣቁን ከየት እንደሚጀምረው ቸግሮት ቆየና በመጨረሻ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ቀልዱን እንኳ ደብቆታል» አለና ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ተስቆበታል ተባለ። ሣቁ ከወትሮው ረዘም ያለ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ይጮኽ ስለነበር አልሰማሁም።

ከዚያ ሰም ገፋፊዎቹ ከበቡኝ። አለቃቸው ረጋ ያለ፣ ቁጣ የማያውቅ፣ በዚህም የተነሣ ይበልጥ የሚያናድድ ሰው ነው።

«ጋሽ ምንይችል፣ አንድ ነገር ብቻ» አለኝ። «ላልቷል የሚለው ቃል ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ የሚነበበው?»

«ላልቷል ነው የምለው። ገመዱ ላልቷል።»

«ላልቶ ነው እንግዲህ።»

«ቃሉ አይደለም የላላው፣ ገመዱ ነው።»

«አሃ» አለና ወደ ባልንጀሮቹ ዞረ። «ቃሉ አልላላም ይላል። ስለዚህ ጠብቆ ነው።»

ወዲያው በሁለት ተከፈሉ። ላልቶ ይነበባል የሚሉት በአንድ ወገን ቆሙ፤ ጠብቆ ይነበባል የሚሉት ደግሞ ላልቷል ሲጠብቅ ጠብቋል ማለት ስለሆነ አሽሙረኛው የሚለው ገመዱ ጠብቋል ነው ብለው ደመደሙ። በዚህ አላበቁም። «አትሻገሩ» የምትለዋን ቃል ቆረጧት። ገሚሶቹ «አትሻ፣ ገሩ» ብለው ከፍለው፣ አንተ ገር ሰው ሆይ ባለህ ርካ እንጂ ሌላ አትሻ የሚል ምክር ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ገሩን አትሻ» ማለቱ ነው፣ ሹማምንቱ ገር ሰው አይወዱም ብሎ እየወጋቸው ነው አሉ። ታዲያ «ን» የት ሄደች ቢባሉ ፈርቶ ዋጣት ብለው መለሱ። እኔ እዚያው መሐላቸው ቆሜያለሁ። አንድም ሰው ዞር ብሎ ዋጥህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

የከፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ታላቅ ሥራ ነው ስለተባለ ከተማው በሙሉ ወደ ድልድዩ ጎረፈ። ከዚያ በፊት ለገበያ ካልሆነ በቀር የማይሻገር ሰው ሁሉ ይሻገር ጀመር። ካልተሻገሩት አይገባም ይባባላሉ። ወርቁ የሚገባው መሐል ላይ ሲደርሱ ነው ተብሎ መሐሉ ላይ ቆመው እየተወዛወዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሰላስላሉ። ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘላሉ። እኔ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሜ እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ተመለሱ እላለሁ። ድምፁ እንዲህ ያምራል እንዴ እያሉ ያልፉኛል። አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ ልትሻገር ስትል ቀሚሷን ይዤ አላስለቅቅ ብላት፣ ይህን ያህል ከሥራው ጋር አንድ የሆነ ሰው አላየሁም ብላ ባረከችኝ። ከዚያ ተሻገረች። ደግነቱ በደኅና ተመለሰች፣ ይህም ጠብቆ ይነበባል ለሚሉት ማስረጃ ሆነላቸው።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ የሰም ገፋፊዎቹን አለቃ በእጁ ይዤ ወደ ምሰሶው ጎተትሁት። ጣቱን ገመዱ ውስጥ ከተትሁለት። የተበጣጠሰውን ክር አንድ በአንድ አስነካሁት። ብዙ ጊዜ ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። «አሁን ገባኝ» አለ። እግዜር ይመስገን አልሁ።

«ላልቷል ያልኸው ራስህን ነው» አለኝ። «ደክሞሃል ወንድሜ።» አቀፈኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ገደል ልወረውረው አስቤ ነበር። ያስቀረኝ የእሱንም መውደቅ ምን ብለው ይፈቱት ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው።

ቅዳሜ ተቃረበ። ደብሪቱ የልጇን መኝታ አሰናድታ፣ ለገንፎው እህል ለቅማ ትጠብቃለች። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ብዙ አልገረማትም፤ የዚህ ከተማ ልጅ ናት። ትንሽ አሰበችና «አንተ ሰውዬ፣ ምን አደከመህ? ገልብጠህ ጻፋት» አለችኝ። ድልድዩን አመስግነው፣ ያን ጊዜ ማንም እግሩን አያነሣም አለች። እንዴት እንዳልመጣልኝ ተናደድሁ። እኔ እኮ ዕድሜዬን የበላሁት በዚህ ነው። ሐሙስ ጧት የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቄ እንዲህ አልሁ፦

«ድልድያችን ከተራራ ይልቅ የጸና ነው። ሳትፈሩ ተሻገሩ። የመሻገሪያ ሹማችንንም አመስግኑ።»

በከተማችን ሹም ይመስገን ተብሎ የተጻፈ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚጠባ ሕፃን ያውቃል። ሰሌዳው ሥር ቁጭ ብዬ ሰው ከድልድዩ ሲሸሽ ለማየት ጠበቅሁ።

ለካ በዚያው ጧት ሰም ገፋፊዎቹ ክርክራቸውን ጨርሰው ነበር። ላልቶም ጠብቆም ባዮቹ ሊታረቁ ስላልቻሉ አለቃቸው መሐል ገባ። አሽሙረኛችን በሥራ ብዛት ደክሞ አዲስ አጻጻፍ ጀምሯል፣ በዚህ አጻጻፍ ሰሙ ራሱ ወርቁ ነው፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፈው ሁሉ እንደወረደ ይነበብ ብሎ ወሰነ። ሁሉም እፎይ አለ። አዋጁ ሲነገር ሰሌዳው ላይ የነበረው ሁለተኛው ጽሑፌ ነው።

ሮጬ አለቃው ዘንድ ሄድሁ። እንደወረደ የሚነበብ ከሆነ የመጀመሪያውም እንደወረደ ይነበብ፣ ገመዱ ላልቷል እኮ ነው የሚለው አልሁት።

«ያማ ተስቆበታል» አለኝ።

የመሻገሪያ ሹም እቤቴ ድረስ መጥቶ አመሰገነኝ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኑ አንድ ሰው በግልጽ ያመሰገነው ገና ዛሬ ነው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለደስታው ቅዳሜ ከበሮ እያስመታ ሕዝቡን ሁሉ አስከትሎ ሊሻገር ወስኗል። ልጅህም የምትመጣው ቅዳሜ አይደል ወይ፣ መሐል ላይ እንቀበላታለን አለኝ። ምን ልበለው? አይሆንም ብለው ሌላ ነገር ይወጣዋል፣ እሺ ብለው እሺ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ የሚወጣው ቃል ሁሉ ያልሁትን እንዳይል ሆኖ ተበላሽቶብኛል።

ቅዳሜ ጧት ደብሪቱ የእንጨት መፍለጫውን መጥረቢያ ፈልጋ አጣችው። እኔ ይዤው ወጥቼ ነበር።

ድልድዩ ዘንድ ስደርስ ከበሮው እየተመታ ነው። የመሻገሪያ ሹም ካባውን ደርቦ ከፊት፣ የሣቅ ሹሙ ከጎኑ፣ ሰም ገፋፊዎቹ ከኋላ፣ ከተማው በሙሉ ከእነሱ በኋላ ተሰልፏል። በማዶ በኩል ጠጂቱ ከበቅሎ ወርዳ በባሏ ክንድ ተደግፋ ወደ ድልድዩ ስትመጣ አየኋት። አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

«ጠጂ፣ አትምጪ» አልሁ።

ቆመች። እግሯንም መለሰች።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አልሁ፣ አደረገች። ምን ማለቱ ነው ብላ ወደ ባሏ አልዞረችም፣ አልሳቀችም፣ ላልቶ ነው ጠብቆ አላለችም። ሁለቱም ከአፋፉ ፈቀቅ ብለው ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። ከሰው ዘንድ ይህን ካገኘሁ ስንት ዘመኔ እንደሆነ አላውቅም።

በእኛ በኩል ግን የመሻገሪያ ሹሙ እግሩን አንሥቷል። ሰልፉን ጥሼ ምሰሶው ጋ ደረስሁና መጥረቢያውን አነሣሁ። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ደጋግሜ እመታለሁ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ገመዱ ግን አላስፈለገውም፤ ቀሪው ገመድ ብቻውን ሊይዘው አልቻለምና ተከትሎት ሄደ። ድልድዩ በማዶ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ከበሮው ቆመ። የመሻገሪያ ሹም አንድ እግሩ ከአፋፉ ላይ፣ አንዱ በአየር ላይ ቀርቶ፣ የሣቅ ሹሙ ካባውን ይዞ ጎትቶ አስቀረው።

አሁን ገባቸው ብዬ አሰብሁ። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይነገራል? ሁሉም ገደሉን አየ። ከዚያ የተበጠሰውን ገመድ አየ። ከዚያ እኔን። የሰም ገፋፊዎቹ አለቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በታላቅ አክብሮት «በመጥረቢያ መጻፍ ጀመርህ» አለኝ። የሣቅ ሹሙም ይህን ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ፣ ወድቆ ሊሞት የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሲበርድለት የሣቅ ሹሙ እጁን አነሣና፣

«ተስቆበታል» አለ።

ተስቆበታል ማለት ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ሌላ ድልድይ እንዲሠራ ብሄድ የድልድይ ጉዳይ የለም፣ አልቋል ይሉኛል። ክረምቱ ደግሞ ገና አልወጣም፣ ዙሪያውም እንደተዘጋ ነበር። ደብሪቱ ያሰናዳችው መኝታ እንደተነጠፈ ቀረ። እሷ እህሉን መልሳ ከጎታው ጨመረችና በየቀኑ ወደ አፋፉ እየወረደች ማዶ ማየት ጀመረች። እኔ ሹመቴን መለስሁ። መልቀቂያዬ ምን ማለት እንደሆነ አሁንም እየተጠና ነው።

ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን አንድ ጧት አብሬያት ወርጄ ነበር። በማዶ አፋፍ ላይ ሰው ታየን። ጠጂቱ ናት። ክንዷ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፣ በሪሁን ከጎኗ ነው። ነጠላውን ከፍ አድርጋ አሳየችን። ወንዙ ይጮኽ ነበር፣ ሆኖም ድምፅዋ ደረሰን።

«አባዬ፣ ወንድ ነው። ደኅና ነኝ።»

ደብሪቱ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ምን አለች?» አለች።

«ወንድ ነው አለች። ደኅና ነኝ አለች።»

«ደኅና ነኝ ስትል ምን ማለቷ ነው?»

ልቆጣት ብዬ ተውሁት። እኔም አላውቅም። በእኛ ከተማ ደኅና ነኝ የሚለው የታመመ ሰው ነው፣ የተቀየመ ሰው ነው፣ ሊሞት የተኛ ሰው ነው። ያለ እናቴ ወለድሁ ማለቷ ይሆን? ድልድዩን ስለቆረጥሁ እየወቀሰችኝ ይሆን? ከእናንተ ርቄ ነው ደኅና የሆንሁት ማለቷስ ቢሆን? ቃሏን ይዤ ስገፍፍ፣ ስገፍፍ፣ የልጅ ልጄ ፊት ለፊቴ ሆኖ ሳለ አላየሁትም። መቋቋም አቅቶኝ እጄን አፌ ላይ ሰብስቤ ጮህሁ፦

«ጠጂ፣ ደኅና ነኝ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

ሕፃኑን ለባሏ ሰጠችና ወደ አፋፉ ጠጋ ብላ እንደኔ እጇን አፏ ላይ ሰበሰበች።

«ደኅና ነኝ ማለቴ ነው» አለች።

ደብሪቱ ቀና ብላ አየችኝ። «እንመናት?» አለችኝ።

«እንመናት» አልኋት። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ቆመን ሞከርን።